የከሰዓት ተረኞች

«ወለላ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ተኝቷል» አለችኝ ሸዋዬ፣ ገና ደጃፏን ሳልፍ።

አየሁት። ባሏ ታረቀኝ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አገጩን በመዳፉ ይዟል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል። በቆቦ ሙቀት ከምሳ በኋላ ማሸለብ ነውር አይደለም፤ እኔም ሱቄ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ተደግፌ ስንቴ አሸልቤያለሁ። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመጣሁበትን ዘረገፍኩት። የከሰዓት ተረኞች ዋሲሁን ቤት ሲመክሩ መዋላቸውን፣ ታረቀኝን ከውሃ አባትነቱ ሊያወርዱት መነሳታቸውን፣ እሁድ ሽማግሌው አባ እንድሪስ ፊት አቁመው «ሌባ ነህ፣ አይደለሁም ካልክ ማል» ሊሉት መሆኑን፣ አንድም አላስቀረሁም። «እንዳትነግሪው ታዲያ። እኛው ቀስ ብለን እናበርደዋለን» ብዬ ጨረስኩ።

«እኔ እኮ አልተኛሁም» አለ ታረቀኝ።

ዓይኖቹ እንደተከደኑ ናቸው። ሸዋዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«እስክትጨርሺ ነዋ። አንቺን መሐል ላይ ማቋረጥ ይቻላል እንዴ?»

አገጩን በእጁ ወደ ላይ ገፋ አደረገና ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ በዓይኑ ቆብ ሥር አጮልቆ አየኝ። ሰው ሰውን እንደዚያ የሚያየው ሲንቀው ነው። ባላውቀው ኖሮ ተነስቼ በወጣሁ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከእኔ ሱቅ ጀርባ፣ የመስኖ ጉድጓድ አለ። ፓምፑ ከጦርነቱ በኋላ በስንት ደጅ ጥናት የተጠገነ ነው። ውሃው ለሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይበቃ ገሚሱ ገበሬ ጠዋት ያጠጣል፣ ገሚሱ ከስድስት ሰዓት በኋላ። ቫልቩን የሚያዞረውና ቦዩ ዳር ቆሞ ማን ሰበረ፣ ማን ቀለበሰ ብሎ የሚጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ታረቀኝን የመረጡት ጉልበት ስላለው አይደለም። ጠብ የሚያስነሳ ቁመናም የለው፤ ነፋስ ሲነሳ ሸዋዬ ይዛው ትቆማለች እያልኩ እቀልድበታለሁ። የመረጡት ዓይኑ ስለማያዳላ ነው። የገዛ አማቹ ያለ ተራው ውሃ ቢጠልፍ በሰው ፊት ዘግቶበታል።

ዘንድሮ ግን አንዱ ታረቀኝ ሁለት ሰው ሆነ። የጠዋት ተረኞች «እንደ እሱ ያለ የውሃ አባት አልታየም» ይላሉ። የከሰዓቶቹ «እንደ እሱ ያለ ሌባ አልታየም» ይላሉ። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚያወሩት። ጠዋት ቦዩን ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስበት፣ ሲቀልድ፣ ሲቆጣ ነው የሚያገኙት። ከሰዓት ላይ ደግሞ ፓምፑ ቤት ጥግ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ከድኖ፣ አገጩን ይዞ ነው። ማሳቸው ከቦዩ ራስጌ ያለው የላይኞቹ ቦዩን ሰብረው ውሃውን ሲቀለብሱት ቀና አይልም። ሊከሱ የመጡትን ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ፣ በዚያ በቁልቁል እይታ ያያቸውና ሁለት ቃል አልጎምጉሞ ይተዋቸዋል። የዋሲሁን ሽንኩርት ግማሹ ደርቋል። ዋሲሁንና ታረቀኝ ደግሞ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ጠብ ከባዕድ ጠብ ይብሳል። «ዓይኑን የሚከድነው ሳያይ ቀርቶ አይደለም፣ እንዳያይ ነው» እያለ በየቤቱ ሲናገር ሰነበተ።

«ምን ሆነህ ነው ግን?» አልኩት ያን ቀን።

«ይከብደኛል። ቆቡ ይወርድብኛል፤ አንሳው ብለው አይነሳም። ደግሞ ከሰዓት ላይ ዋሲሁን ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣብኝ። አንዱን ማባበል አቅቶኝ።»

ሳቅኩ። ሸዋዬ አልሳቀችም። «ማታ ማታ መንጋጋው ደክሞ እንጀራውን እንደጎረሰ ይቀመጣል። ጠበል ወስጄዋለሁ። በማለዳ ተጠምቆ ሲመለስ ደህና ነው፣ ይስቃል ይጫወታል። ከሰዓት ይመለስበታል። ጠበሉ የያዘውን ነገር የሚያስታግሰው እስከ ምሳ ብቻ ነው እያልኩ ነው የማለቅሰው» አለችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ምሳውን በልቶ፣ በፓምፑ ቤት ጥላ ተሰበሰበ። እኛ ሴቶቹ ከቦዩ ማዶ ተቀመጥን። አባ እንድሪስ ራሳቸው እስላም ናቸው፤ ግን በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ስለሆኑ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገር ሲገጥመው የሚጠራው እሳቸውን ነው። መረቁና «ጀምሩ» አሉ። ዋሲሁን ተነስቶ ተናገረ። ዋሲሁን ሲናገር አይቸኩልም፤ ሽንኩርቱ ለመድረቅ ቀናት እንደፈጀ ሁሉ ንግግሩም ጊዜ ወሰደ። ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከሌላው በኋላ ሌላው። ታረቀኝ ፀሐዩ እያዘነበለበት ቁጭ ብሏል።

ተራው ሲደርስ መጀመሪያ ላይ ደህና ተናገረ። እየቆየ ግን ቃሉ በአፍንጫው መውጣት ጀመረ። ምላሱ የተኛበት ይመስላል። አባ እንድሪስ ነገሩ እንደማይፈታ አይተው ወደ መሐላው ወሰዱት። በእኛ ዘንድ የሚምለው ሰው ሽማግሌው የሚሰጡትን ቃል አንድ በአንድ፣ ሁሉም እየሰማው፣ ሳይቆራርጥ መድገም አለበት። የተቆረጠ መሐላ መሐላ አይደለም።

«አይቼ አላየሁም ብዬ እንደሆነ» አሉ።

ደገመው።

«ውሃ አዳልቼ እንደሆነ።»

ደገመው፣ ግን እየተጎተተ።

«የዘራሁት አይብቀል፣ የወለድኩት አይደግ።»

አፉ ተንቀሳቀሰ። የወጣው ግን ቃል አይደለም፤ አፍ ያልፈታ ሕፃን የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። በእጁ አገጩን ደግፎ እንደገና ሞከረ። «የዘራሁት» ላይ ቀረ።

«ዋጠው» አለ ዋሲሁን፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ልጆቹ ላይ ሲደርስ ዋጠው። አያችሁ?»

ሁሉም አይቷል። ሌባ እንኳ በንብረቱ ይምላል፣ በልጆቹ ላይ ሲደርስ ግን ይተናነቀዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የጠዋት ተረኞቹ ሳይቀሩ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አባ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «የቫልቩን እጀታ ለጊዜው ለእኔ ስጠኝ። ሌላ ቀን እንቀመጣለን» አሉት። ታረቀኝ እጀታውን ከወገቡ ፈትቶ ሰጣቸው። እጁ ከፍ ማለት አቅቶት በሌላው እጁ ደገፈው፤ ሰው ግን የሌባ እጅ አድርጎ አየው።

ውሃ በጣሳ ይዤለት ሄድኩ። ጎነጨና ውሃው በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ። ሳሉ ሲያጣድፈው ዓይኑ ላይ ያየሁት ፍርሃት የተከሰሰ ሰው ፍርሃት አይደለም። መስጠም የጀመረ ሰው ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ሸዋዬና እኔ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር። «አሁን ደግሞ ከመሐላ አምልጦ ሐኪም ቤት ተኛ ይበሉኝ?» አለ። «አትተኛም፤ አንተ መቼ ተኝተህ ታውቃለህ፣ ዓይንህን ከድነህ ነው የምትሰማው» አልኩት። የተቀበለችን ጀዊሪያ የምትባል የጎረቤታችን የሮቢት ከተማ ልጅ ናት። ወጣት ሐኪም ናት፤ ሻሿን አጥብቃ አስራ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ። ሽቅብ ወደ ጣቷ እንዲያይ አደረገችውና ዝም ብላ ጠበቀች። እኛ መቼ ነው የምትመረምረው እንላለን፤ ለካ መጠበቋ ነው ምርመራው። ጥቂት ሳይቆይ የግራው ቆብ ቀስ እያለ ወረደ፤ ቀኙ ተከተለው።

«በረዶ የሚገኝበት ታውቃላችሁ?» አለችን።

ከተማው መብራት ከጠፋበት ውሎ አድሯል። ግን በእኔ ፍሪጅ ውስጥ ያልቀለጠ አይጠፋም ብዬ በባጃጅ በረርኩ። ግማሹ ውሃ ግማሹ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ስመለስ ደረቴ እስኪረጥብ ድረስ ቀልጦብኛል። ሐኪሟ ላስቲኩን ቀድዳ በረዶውን በጓንት ውስጥ ከተተችና የግራ ዓይኑ ላይ አስቀመጠችው። ጉንጩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። «ትንሽ ታገሡኝ ጋሼ» አለችው። ከዚያ አነሳችው።

ዓይኑ ተከፍቷል። ቀኙ እንደወረደ ነው፤ ግራው ግን ብርት ብሎ ያየናል።

«ምን ይታይዎታል?» አለችው።

«ወለላ» አለ። «በረዶውን መልሱት።»

ሸዋዬ ሳቀችና ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔ ግን የሆነው ነገር አልገባኝም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ዓይን በበረዶ ይከፈታል ሲባል አልሰማሁም። «ዶክተር፣ እስቲ እንደ ሞኝ አስረጂኝ» አልኳት።

ወንበሯን አቀረበች። «ነርቭ ጡንቻን በእጁ አይነካውም፤ መሐላቸው ክፍተት አለ። ስለዚህ ነርቩ መልእክተኛ ይልካል፣ ኬሚካል ነው መልእክተኛው። በጡንቻው ሴል ቆዳ ላይ ደግሞ ተቀባዮች አሉ። መልእክተኛው መጥቶ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ ተቀባዩ ቅርፁን ይለውጣል። ጠመም፣ ዞር ይላል፤ ተዘግቶ የነበረው መሐሉ ይከፈታል። በዚያ ቀዳዳ ከውጭ ያለው ጨው ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ይታዘዛል፣ ቆቡ ይነሳል፣ ምላሱ ይናገራል።»

«መልእክተኛው ራሱ አይገባም?» አለ ታረቀኝ።

«አይገባም። ውጭ ነው የሚቀረው። የሚገባው የቅርፁ ለውጥ ያመጣው ነው።»

«እሺ። እኔም ቫልቩን ሳዞር አብሬ ቦይ ውስጥ አልገባም። ታዲያ የኔ ምን ሆነ?»

«የርስዎ ሰውነት ጠባቂዎች ተሳስተዋል። በሽታን እንዲከላከሉ የተሠሩት እነሱ የራስዎን ተቀባዮች እንደ ጠላት አይተው ይጋርዷቸዋል፣ ያፈርሷቸዋል። ትእዛዙ ከጭንቅላትዎ በደንብ ይወጣል። ነርቩም ያደርሳል። ተቀባይ ግን ጥቂት ነው የቀረው። ጠዋት ዐርፈው ሲነሱ መልእክተኛው ብዙ ስለሆነ በጥቂቶቹም ይሠራል። በሥራ ሲውሉ መልእክተኛው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በቂ በር አይከፈትም። መልእክተኛውን ሥራውን ሲጨርስ የሚያጠፋው ሌላ ነገር አለ። ብርድ ያንን ሲያዘገየው፣ መልእክተኛው በሩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በረዶው ያደረገው ይህን ነው። የምሰጥዎ ኪኒንም በሌላ መንገድ እሱኑ ነው የሚያደርገው።»

«ይድናል?» አለች ሸዋዬ።

ጀዊሪያ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። ማያስቴኒያ የሚባል በሽታ እንደሆነ፣ ኪኒኑ እንደሚያግዝ እንጂ እንደማይነቅለው፣ ደሴ ሄዶ ሌላ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ነገረቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መተንፈስ ከከበደው ሰዓት ሳንቆጥር እንድናመጣው አለችን። «ደረትም ጡንቻ ነው» አለች። ይህን ቃል እስካሁን ከሸዋዬ ጋር አንስተነው አናውቅም፤ ሁለታችንም ግን ሲያስል ጆሯችን ይቆማል።

ዳግመኛ ለሽምግልና የተቀመጥነው ጠዋት ነበር። አባ እንድሪስን የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ ሥራ ላይ ስለነበረች ማስረዳቱም በእኔ ላይ ወደቀ። ወንዶቹ መሐል ቆሜ ስለ መልእክተኛውና ቅርፁን ስለሚለውጠው ተቀባይ የማውቀውን ያህል ተናገርኩ። እኔ በደንብ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

«ሌባና ተቀባይ ነው የምትይው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ።

ዋሲሁን አልሳቀም። ታረቀኝን በጣቱ አሳየ። «እዩት። ዓይኑ እንደ አሞራ በርቷል፣ ምላሱ ተፈትቷል። ሕመም ቀጠሮ አለው እንዴ? ጠዋት ለወዳጅ ይሻለዋል፣ ከሰዓት እኛ ላይ ይብስበታል?»

«ወላሂ፣ የተናገርከው ልክ ነው» አሉ አባ እንድሪስ። አበቃልን አልኩ። እሳቸው ግን ኩታቸውን ከሥራቸው አስተካክለው ተደላደሉ። «እንግዲህ የሱን ቃል አንጠይቅም። ሐኪሟም እዚህ የለች። ቀኑ ይመስክር። ከዚህ የሚነሳ የለም። አብረን እንውላለን።»

«ምን ልናይ?»

«ፊቱን ነዋ።»

ተዋለ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም፤ ክርክር የለ፣ መሐላ የለ። ሰላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጦ የአንድ ሰው ፊት ያያል። ታረቀኝ ያን ቀን ኪኒኑን አልወሰደም፤ ሸዋዬ ብትለምነው «በኪኒን ካሳየኋቸው አያምኑኝም» ብሏት ነው። አባ እንድሪስ በየጊዜው ያነጋግሩታል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬ፣ ስለ ድሮ ጎርፍ። እሱም ይመልሳል። ፓምፑ ይጮኻል። የጠዋት ተረኞች ተራቸውን ጨርሰው ጭቃቸውን እያራገፉ መጥተው ተቀመጡ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የግራ ቆቡ ወረደ። አባ እንድሪስ ማነጋገራቸውን አላቋረጡም። ቀኙ ተከተለ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ተነሳ፤ ቀልድ እየተናገረ ነበር፣ ቀልዱን በሐዘን ፊት ጨረሰው። እጁ ወደ አገጩ ሄደ። ከዚያ ቃሉ በአፍንጫው መውጣት ጀመረ። ለሶላት ተነስተው ሰግደው ሲመለሱ፣ አባ እንድሪስ የዚያኑ እሁድ መሐላ እንዲደግም ጠየቁት። ለማስማል አልነበረም፤ ለመስማት ነው። «የዘራሁት» ላይ ቀረ። እንደገና ሞከረ። ምራቁ በከንፈሩ ጥግ ወረደ፤ ሸዋዬ ከቦዩ ማዶ ተነስታ መጥታ በነጠላዋ ጠረገችለት። በወንዶች ሸንጎ መሐል ነው የጠረገችለት፤ ማንም «ምን ነው» አላላትም።

«ይብቃ» አለ ዋሲሁን።

«ገና የአስር ሶላት አልደረሰም» አሉ አባ እንድሪስ።

«ይብቃ ብያለሁ እኮ። አየሁ።»

አባ እንድሪስ ፍርዱን ሰጡ። ታረቀኝ ውሃ አላዳላም፤ ሌባ ያለው ሁሉ ቃሉን ይመልስ ተባለ። ቃሉ ተመለሰ። ሸዋዬ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ፤ አልጨረሱም ነበር። «ነገር ግን ዓይኑ የማይታዘዘውን ሰው ውሃ አናስጠብቀውም። ከሰዓት ተረኛውም ገበሬ ነው፣ ልጆች አሉት» አሉ። እጀታውን ለማን እንስጥ ሲባል ሰው ሁሉ ጭቃውን ማራገፍ ያዘ። በመጨረሻ የሰጡት ለዋሲሁን ነው። ብዙ የከሰሰ ሰው በደንብ ይጠብቃል ብለው ይሁን፣ ሊቀጡት ይሁን፣ አሁንም አላውቅም።

ታረቀኝ ስሙን ይዞ ቤቱ ገባ። ቤት ውስጥ ስም ይዞ መቀመጥ ከባድ ነው። ኪኒኑ አንዳንዴ ቆቦ ይገኛል፣ አንዳንዴ ወልድያ ድረስ ሰው ይላካል፣ አንዳንዴ የለም ነው መልሱ። ባለበት ሰሞን ሆዱን ቢቆርጠውም ቀልዱ ይመለሳል። በሌለበት ሰሞን ሸዋዬ ምሳውን ጠዋት ታበላዋለች፤ በማለዳ ወጥ ስትሠራ ሽታው እኔ ሱቅ ይደርሳል። «ሰው ቁርስ ሲበላ እናንተ ሠርግ ደግሳችኋል?» እላታለሁ። ድሮ ትሰድበኝ ነበር፤ አሁን ቀና ሳትል ወጧን ታማስላለች።

ዋሲሁን የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ኪኒኑ ካለቀ የሰነበተበት ጊዜ ነበር። እኔ ከሸዋዬ ጋር በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የቫልቩ እጀታ ወገቡ ላይ ታስሯል፤ እግሩ ጭቃ ነው። ከስቷል። የውሃ አባት ከሆነ ወዲህ የላይኞቹ ከታችኞቹ ጋር ሆነው ይሰድቡታል፤ ሽንኩርቱም አልተረፈለትም። ወደ ቤት አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ታረቀኝ መደቡ ላይ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ አገጩ በመዳፉ ነው። ትንፋሹ አጠር አጠር ይል ነበር፤ ሸዋዬና እኔ ከባሰበት ብለን ለባጃጁ ልጅ ነግረን ከጠዋት ጀምሮ ስንቆጥረው ውለናል።

«ተኝቷል?» አለኝ ዋሲሁን።

«እሱ አይተኛም። ንገረው» አልኩት።

ዋሲሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ታረቀኝ፣ ሽማግሌ ፊት ቃሌን መልሻለሁ። ያ ግን ለሽማግሌ ነው። እዚያ ጥግ ቁጭ ብለህ እንደዚያ ስታየኝ፣ አብረን አድገን እንዴት ይንቀኛል ነው ያልኩት። ከሽንኩርቱ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።» ቆመ። ወገቡ ላይ ያለውን እጀታ ነካካ። «እንግዲህ ይቅር በለኝ። ብለኸኛል?»

ታረቀኝ ብዙ ቆየ። የተቆጣ መሰለ፣ የተኛ መሰለ፣ የናቀ መሰለ። በእጁ አገጩን ወደ ላይ ገፋ፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለና በዚያችው በጠባብዋ ክፍተት ቁልቁል አየው። ዋሲሁን አንገቱን ደፋ። እኛ በርበሬውን ትተን ጠበቅን። ቃሉ አንድ በአንድ፣ በአፍንጫ፣ እየተጎተተ ወጣ።

«ጠዋት ና። አሁን ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ፣ ፊቴን አይተህ አታምነኝም።»